ጋሽ ቀስ እና የመጥረጊያው እንጨት

ብረት የሚነሳበት ቤት ሁሉ አንድ ጋሽ ቀስ አለው። ማንም አልሾማቸውም፣ ደመወዝም የላቸውም፤ ግን ሳያስፈቅዳቸው አንዲት ኪሎ የሚጨምር ጀማሪ ገና አልተወለደም።

በዚህኛው ጂም ያሉት ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው። አንዲት ልብስ ሰፊ እናት በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ወደ ብረቱ ስትሄድ መንገድ ዘጉባት።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ፣ ልጄ?»

«ልጄ አሥራ አራት ኪሎ ናት። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ተሸክሜያት ስወጣ ወገቤን እየያዘኝ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ። ‹እማዬ፣ አመመሽ?› ስትለኝ አንጀቴን ትበላዋለች። ሳልቀመጥ ላወጣት ነው የምፈልገው።»

ክቡርነታቸው ጋሽ ቀስ በጥሞና ሰሙ። ከዚያም የመጥረጊያ እንጨት ሰጧት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ብረትሽ ነዋ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጨት ታቅፋ ቁጭ ብድግ አለች። «ጉልበት እጠፊ። ጀርባ ቀጥ። ሸክሙን ደረትሽ ላይ።» ጎረቤቷ ሰምታ «ቤትሽ መጥረጊያ ጠፋ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት። እሷ እቴ፣ ወይ ፍንክች።

ከዚያ አምስት ኪሎ ተፈቀደ። ሕጉ አንድ ነው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ሳይንቀጠቀጡ፣ ሦስት ዙር፣ በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀናት። ያኔ አንድ ኪሎ ይጨመራል። አሥራ አንደኛው ላይ ክንዷ ከተንቀጠቀጠ፣ «ቀስ። ብረቱ የትም አይሄድም።» በእረፍቷ ቀን በበሩ ስታልፍ ካዩዋት ደግሞ፣ «አንቺ፣ ዛሬ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

አንድ ቀን ውሃ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ ከስምንት ኪሎ ዘላ አሥራ አራት አነሳች። ሦስት ቀን መቀስ መያዝ አቃታት። ስትመለስ አልተቆጧትም። መጥረጊያውን ብቻ አቀበሏት፤ ይኸው ከቁጣ ባሰባት።

እንደገና ከእንጨት ጀመረች። እንደ ሕጉ።

በስድስተኛው ወር ልጅቷን መንገድ ላይ እንቅልፍ ጣላት። እናት ጉልበቷን አጠፈች፣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ ተነሳች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልጅቷ ነቃ አለች።

«እማዬ፣ አንቀመጥም?»

«ዛሬ አንቀመጥም።»

በማግስቱ ለጋሽ ቀስ ነገረቻቸው።

«ስንቴ አረፍሽ?»

«አንዴም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «አሁን ስንት ኪሎ ናት?»

«አሥራ አምስት ተኩል።»

«አየሽ፤ እሷም ቀስ እያለች ነው የጨመረችው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ብረቷ ላይ ልትጨምረው ባለ አንድ ኪሎውን አነሳች። የልምምዱን ልክ አሁን ራሷም ታውቀዋለች፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋትም። ግን ከመጨመሯ በፊት ቀና ብላ፣ ራሳቸውን እስኪነቀንቁላት ድረስ ጠበቀቻቸው።