የተሳቢው ሊቀመንበር

አገር የቆመው በመንግሥት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። አገር የቆመው «ሰው አለኝ» በሚሉ ሰዎች ነው። ጣሪያህ ቢያፈስ ሰው አላቸው። ጥርስህን ቢያምህ ሰው አላቸው። ላምህ ብትጠፋ፣ መታወቂያህ ቢዘገይ፣ ለልጅህ ሚስት ብታጣ ሰው አላቸው። ራሳቸው ምንም የላቸውም፤ ሰው ግን አላቸው።

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሰፈራችን በዚህ በኩል የታደለ ነው። ክቡር ጋሽ እንደሻው የሚኖሩት እዚህ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቢሮ ከፍተዋል። ቢሮው የእኔ ተሳቢ ነው።

ተሳቢው የአባቴ ነበር። ባለ ሁለት ጎማ፣ ከትራክተር ኋላ የሚታሰር፣ በዘመኑ የግማሽ ወረዳ ስንዴ የጫነ ነው። አባቴ ካረፉ በኋላ ጎማዎቹ ተበጣጥሰው አለቁ። የቀሩትን ቸርኬዎች ደግሞ እኔ፣ ዲግሪ ያለኝ የጂኦግራፊ መምህር፣ ለቆራሌው ሰጥቼ አረንጓዴ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀበልኩባቸው። ባልዲዋ በሳምንቷ ተሰነጠቀች። ተሳቢውም ከአጥሬ በር ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ተሳቢ ከፍታው ለአንድ ሽማግሌ መቀመጫ ልክ ነው። ይህን ከማንም ቀድመው ያዩት ጋሽ እንደሻው ናቸው። መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እግራቸውን ሊያሳርፉ ተቀመጡ። ቀጥለው አጎዛ አመጡ። ከዚያ የጎኑ ሳንቃ ላይ ሬዲዮ መስቀያ ሚስማር መቱ። ወዳጃቸው አቶ ሀብተ ማርያም በግራቸው በኩል ቋሚ ቦታ ያዙ። ዛሬ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጉዳዩን ተናግሮ፣ «ሰው አለኝ» ተብሎ ያልፋል። እኔ ራሴ ወደ ገዛ ቤቴ ስገባ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ዘንድሮ ገበሬ ሆንኩ። ሳጉሬ አጠገብ ያለውን የአባቴን መሬት ራሴ አርሳለሁ ብዬ ተነሳሁና ስንዴ ዘራሁ። ስንዴው የእኔን እውቀት ከቁም ነገር ሳይቆጥር በራሱ ትጋት በቀለ። ጥቅምት ሲያልቅ የማሳ ጎረቤቴ ባጫ ጠራኝ።

«ማሎ መምህር» ብሎ ለመነኝ። «እኔ ትራክተር አለኝ፣ ተሳቢ የለኝም። አንተ ተሳቢ አለህ፣ ጎማ የለህም። ጎማውን አምጣና የሁለታችንንም እህል በአንድ ቀን እናስገባ። አለዚያ ኮምባይነሩ ሜዳ ላይ ደፍቶልን ይሄዳል። ጭላሎን እየው እስቲ፣ ዘንድሮ ዝናቡ አልሄደም።»

ቀና ብዬ አየሁ። የጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቧል። ሜዳ ላይ የተደፋ ስንዴ ዝናብ ቢመታው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጂኦግራፊ አያስፈልግም፤ የዓመት ቀለባችን ነበር። በቀጥታ ወደ ተሳቢው፣ ማለቴ ወደ ቢሮው፣ ገሰገስኩ።

«ሰው አለኝ» አሉ ጋሽ እንደሻው። ፊታቸው እንደወትሮው አልበራም፤ እኔ ሞኙ ለእኔ አዝነው መሰለኝ። «ሩቅ ነው እንጂ አስተማማኝ ነው። ጮሌ ከተማ ሂድ። ዱሬሳ ይባላል።»

«ከሩቅ ይልቅ እዚሁ ከሊፋን ብጠይቀውስ?» ከሊፋ ከቤቴ መታጠፊያ ላይ ያለው ጎሚስታ ነው።

«ከሊፋ? ከሊፋ የባጃጁን ጎማ ይንፋ! ይሄ የትራክተር ተሳቢ ነው፣ አንተ!»

ጮሌ ሄድኩ። አቶ ዱሬሳ በእርግጥ አሉ። የኦቦ እንደሻው እንግዳ ነህ ብለው እንደ አማች ተቀበሉኝ። ምሳ በላሁ፣ ማር ላስኩ፣ ስለ ጋሽ እንደሻው ወገብ ሕመም ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። ሊሸኙኝ ሲወጡ ጎማውን አነሳሁባቸው።

«ምን ጎማ?» አሉኝ ግራ ተጋብተው። «እኔ እኮ የበግ ነጋዴ ነኝ።»

ይህን ስነግራቸው ጋሽ እንደሻው ቅንጣት አልደነገጡም። «አዎ፣ ዱሬሳ በግ ነው የሚነግደው። ደህና ነው ግን?»

«ደህና ናቸው።»

«ተመስገን! በል ጎማው አርቦዬ ነው።»

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይነቃል። እኔ አርቦዬ ሄድኩ። የጋሽ እንደሻው ሰው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች በሩን ከፍተው፣ ከአሰላ መምጣቴን ሰምተው ለለቅሶ የመጣሁ መሰላቸው። ምን ይባላል? ገብቼ ተቀመጥኩ። አይቻቸው ለማላውቃቸው ሰው እንባዬ መጣ፤ ግማሹ በእርግጥ ለስንዴዬ ነበር። ስወጣ «ለእንደሻው ለገና ይሁንለት» ብለው አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አስታቀፉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ዶሮው መስኮት ዳር፣ እኔ መሐል ሆነን ተመለስን።

ሚስቴ ሮሐ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዶሮውን አየች። ደመናውን አየች።

«ጎማው ይሄ ነው?» አለችኝ።

ጋሽ እንደሻው መርዶውን ሲሰሙ ሬዲዮውን ዘጉ። ዶሮውን እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት። «ሰዎቼ እያለቁ ነው፣ በእውቀቱ» አሉኝ። ልቤ ተነካ። ተነክቶ ሳያበቃ ግን «ሁሩታ ግን አንድ ሰው አለኝ» ሲሉ ሰማሁ።

ለሁሩታ ስዘጋጅ ባጫ ደወለ። ኮምባይነሩ በማግስቱ ይገባል። ያኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላማክር ወደ ከሊፋ ሮጥኩ።

«በርህ ላይ ላለው ተሳቢ?» አለ ከሊፋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ባለ ስድስት ቡሎኑ? ወላሂ ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው ከክረምት ጀምሮ እዚህ ናቸው! አንድ አሮጌ ተሳቢ ሲፈርስ ላንተ ብዬ ነው ያስቀረኋቸው። ለጋሽ እንደሻው ነግሬያቸው ‹እነግረዋለሁ› ብለውኝ ነበር። አልነገሩህም?»

አንዱን እኔ፣ አንዱን ከሊፋ እያንከባለልን ወጣን። ደሜ ፈልቷል። መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ንግግር እያዘጋጀሁ ነበር። መግቢያው «በሽበትዎ አያፍሩም?» የሚል ነው።

ጋሽ እንደሻው ከሩቅ አዩን። ሬዲዮውን አወረዱ። ሚስማሩን በጣታቸው ወዝውዘው ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱ። አጎዛቸውን አራግፈው ጠቀለሉ።

«ይገጥማል?» አሉኝ።

«ይገጥማል።»

«ጥሩ ነው። እህሉ ዝናብ ሳይመታው ይግባ።»

ጎማውን ለምን እንደደበቁኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጃቸው ቤት መኝታ አላቸው፣ ምግብ አላቸው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ከሚገባው ልጃቸው በቀር ግን እዚያ የሚያናግራቸው የለም። ያቺን የተዘጋጀች ንግግሬን ከነመግቢያዋ ትቼ ጎማውን መግጠም ጀመርኩ።

በማግስቱ የእኔም የባጫም ስንዴ ገባ። ዝናቡ የጀመረው የመጨረሻውን ጭነት ቤት ካደረስን በኋላ ነው፤ ሮሐ እልል አለች፣ እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ። ካባራ በኋላ ባጫ ተሳቢውን ወደ ቦታው ሲመልስ ጋሽ እንደሻው አጎዛቸውን በብብታቸው ይዘው ባዶዎቹ ድንጋዮች አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ጠጋ ብለው ሊወጡ ሞከሩ። ተሳቢው በአዲሶቹ ጎማዎች ላይ ሆኖ ደረታቸው ድረስ ይደርሳል። አንዴ ዳበሱትና ተዉት።

«ሐኪሙ መቆም ይሻልሃል ብሎኛል» አሉ። አቶ ሀብተ ማርያምም፣ ማንም ሐኪም ሳያዛቸው፣ አጠገባቸው ቆሙ።

ሁለት ሽማግሌዎች በራፌ ላይ እንዲያ ቆመው እያየሁ እራት አልወርድ አለኝ። ሲነጋ ከሊፋ ጋ ሄጄ ክሪክ ተዋስኩ።

«አልገጠመም እንዴ?» አለኝ።

«ገጥሟል።»

«ታዲያ ለምን ትፈታዋለህ?»

ያን ያህል አገር የዞርኩላቸውን ጎማዎች በገዛ እጄ ፈትቼ ተሳቢውን ድንጋዩ ላይ መለስኩት። ጎማዎቹን አልጋችን ሥር ከተትኳቸው። ሮሐ መኝታ ቤታችን ጎሚስታ ጎሚስታ ይሸታል ትላለች፤ እውነቷን ነው። ምን ላድርግ፣ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ። በር ላይ ከሌሉ ቤቴ ቤቴ አይመስለኝም።

በጥር አንድ ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ አንድ ገበሬ መጣ። ለከርሞ መኸር ባለ ስድስት ቡሎን የተሳቢ ጎማ ይፈልጋል። ጋሽ እንደሻው በዓይናቸው ጠርዝ አዩኝ።

«ሰው አለኝ» አሉ ረጋ ብለው። «ጮሌ።»

ገበሬው መምህር መሆኔን ያውቃልና እውነቱን ከእኔ ሊሰማ ዞር አለ።

«አዎ፣ ጮሌ ነው» አልኩት። «አቶ ዱሬሳ ብለህ ጠይቅ። ምሳ ሳትበላ እንዳትመለስ።»