ከዳኮታ መስኮት የሚታይ ቤት

ናፍቆት ደንብ የለውም። ብዙ ሰው የሚናፈቀው ኖሮ የሄደ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ የትውልድ አገር፣ የልጅነት ጓደኛ፣ የድሮ ጉልበት። ኖሮት የማያውቀውን ነገር ዕድሜ ልኩን ሲናፍቅ የሚኖርም ግን ሞልቷል። እናንተም አታጡትም፤ ምናልባት ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት አይታችሁት ይሆናል። እኔ ራሴ ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ ላይ የወለዱኝ ሰው ስሆን፣ ረግጬው ለማላውቀው ለሐይቅ ዳርቻ ሆዴ ይባባል። ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ማንጎ እየበሉ፣ አገር ቤት ናፈቀኝ ማለት ምን ይባላል? ጥጋብ ይባላል።

ሥራዬ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር መጠገን ነው። ከሥራ መልስ ግን አብራሪ ነኝ። አትሳቁ። ሲሙሌተር የሚባል፣ ኮምፒዩተር ላይ አውሮፕላን የሚያስነዳ ፕሮግራም አለ፤ መሪው ጠረጴዛ ላይ፣ ሰማዩ ስክሪኑ ላይ፣ አብራሪው በነጠላ ጫማ። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ «ሥራ ይዟል» ትላለች፤ «እየበረረ ነው» ማለት ያሳፍራታል። ነዳጅ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው፤ የግድቡ ጎረቤት መሆናችንን አንዳንዴ የሚረሳው መብራት። በፕሮግራሙ ላይ ሌሎች አውሮፕላኖች ለብቻ ተሠርተው ይጨመራሉ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ዳኮታን ልኮልኝ ጨመርኳት፤ ያቺን ባለ ሁለት ሞተር፣ ጭራዋን መሬት አስቀምጣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ የምትቀስር የድሮ የመንገደኛ አውሮፕላን። አብሮም በሃርድ ዲስክ የአሶሳን ምድር ከሳተላይት የተነሳ ምስል ላከልኝ።

ወሬው ጎረቤቴ ጋሽ ኢድሪስ ጋ ደረሰ። ጋሽ ኢድሪስ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ዳኮታ ሳር ሜዳ ላይ በምታርፍበት ዘመን የአሶሳ ማረፊያ ሠራተኛ ነበሩ። ከብት ከሜዳው ያባርራሉ፣ ለነፋሱ አቅጣጫ ጭስ ያጨሳሉ፣ ዕቃ ይጭናሉ፣ ሰው ያሳፍራሉ። ስንቱን ሲያሳፍሩ ኖረው እሳቸው አንድ ቀን አልተሳፈሩም። አንድ አብራሪ «በሚቀጥለው እወስድሃለሁ» ብሏቸው ነበር አሉ። የሚቀጥለው ሳይመጣ ዳኮታ ቀረች።

አማርኛን የተማሩት ከገበያና ከማረፊያው ነው፤ ወንዱንና ሴቱን እንደመጣላቸው ይጠሩታል። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ያ ወለዲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዳኮታ አለህ ሰማሁ። ድሮ አውሮፕላን ሲነሳ ሚስቴ ሀዋ ከቤት ይወጣል፣ እጅ ያወዛውዛል። ማታ ይጠይቀኛል፤ ከላይ ቤታችን ይታያል? ይታያል እላለሁ። እኔ መቼ ወጣሁ? ዋሸሁ። ሀዋ ሞተ። አሁን ዓይኔ ደግሞ እየሄደች ነው። ሳትሄድ ልይ።»

የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። ልጆቻቸው በጄት አዲስ አበባ እንውሰድዎ ቢሏቸው፣ ጄት ሽቅብ ተተኩሳ ደመና ውስጥ ትገባለች፣ ቤት አታሳይም ብለው እምቢ አሉ። ዳኮታ ነበረች ጣሪያ ለጣሪያ እየታከከች የምትወጣው። እኔም ደረቴን ነፍቼ «በሚቀጥለው ዓርብ» አልኳቸው። የዚያኛው አብራሪ ቃል ምን እንዳደረጋቸው እያወቅሁ።

ዳኮታዋ አልነሳ አለችኝ።

ሞተሮቿ ይነሳሉ፣ ሜዳውን ትሮጣለች፤ ጭራዋ ግን ከመሬት አይላቀቅም፤ መሪውን ብጠመዝዝ አትሰማም፤ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ዞራ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። አጥፍቼ እንደገና ጫንኳት። ጆይስቲክ የሚባለውን መሪ ፈታትቼ ገጠምኩ፤ ጤነኛ ነው። የእንግሊዝኛ መመሪያዋን መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩ፤ በተለይ የሞተሩን ምዕራፍ፣ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ። ኢንተርኔት ላይ እንደኔ ዓይነት አብራሪዎች የሚረዳዱበት ገጽ አለና እዚያ ጠየቅሁ። አንዱ ጆይስቲክህን ቀይር አለኝ፤ ሌላው ኮምፒዩተርህን ቀይር አለኝ፤ ሦስተኛው ጠባዬን እንድቀይር መከረኝ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ጋሽ ኢድሪስ ብቅ ይላሉ። «ተነሳች?» «ገና ናት።» በየሳምንቱ ስክሪኑን ለማየት አንገታቸውን ከፊተኛው ሳምንት ይልቅ ያዘነብላሉ። እኔም ያንን እያየሁ እፈራለሁ። ሰው እንዴት በጨዋታ ዕቃ እንዲህ ይጨነቃል? እኔንም ገርሞኝ ነበር።

በአራተኛው ዓርብ «እስቲ አስኪዳት» አሉኝ። አስኬድኳት። እንደልማዷ ዛፍ ውስጥ ገባች። ጋሽ ኢድሪስ አልሳቁም።

«ጭራ አሳየኝ» አሉ።

«የምን ጭራ?»

«የአውሮፕላን ጭራ! ከውጭ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በነዚያ ሳምንታት ሁሉ አንድ ቀን ከውጭ አይቻት አላውቅም። የኛ ሙያ ሰው ችግር ሲገጥመው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ውስጡ ውስጥ። ዕይታውን ወደ ውጭ አወጣሁና ዙሪያዋን አሽከረከርኩላቸው። ጋሽ ኢድሪስ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ከዚያ በጣታቸው አንድ ቀይ ነጥብ ነኩ።

«አውሮፕላኑ አልታመመችም። ታስሯል።»

ለካ ዳኮታ ቆማ ስታድር ንፋስ ጭራዋንና ክንፏን እንዳያንገላታባት ተንቀሳቃሽ አካሏ በእንጨት ማገጃ ይያዛል፤ እንዳይረሳም ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል። ጠዋት ማገጃዎቹን መፍታት የሜዳው ሰው ሥራ ነው። ጋሽ ኢድሪስ እየፈቱ ሰብስበው ክንፉ ፊት ይቆሙና ሁሉንም ከራሳቸው በላይ ከፍ ያደርጋሉ፤ አብራሪው በመስኮት ቆጥሮ አውራ ጣቱን ሳያነሳ ሞተር አይነሳም። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ይህንንም ሳይተዉ ሠርተውታል። እኔ ዘመናዊው ሰው አራት ሳምንት የታሰረች አውሮፕላን ስገርፍ ከረምኩ። አንድ በአንድ እየጠቆሙኝ ፈታኋቸው።

«አሁን እኔ ተሳፋሪ ነኝ» አሉና ለጁምዓ የለበሱትን ነጭ ጀለቢያ አስተካክለው ተቀመጡ። «መስኮት በኩል።»

ዕይታውን በግራ በኩል ወዳለው የመንገደኛ መስኮት አደረግሁት። አብራሪው ፊት ለፊቱን ሳያይ በጎን መስኮት እያየ የነዳት አውሮፕላን በዓለም ላይ የዚያን ቀኗ ሳትሆን አትቀርም። ጭራዋ ተነሳ። ሜዳው ከሥራችን ሸሸ። ማንጎዎቹ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኑ፤ ጋሽ ኢድሪስ የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ቢስሚላህ አሉ። እኔ ሰፈራችንን ለማግኘት መንገዱን ተከትዬ በቀስታ ወደ ግራ አዘነበልኩ፤ የኔን ቆርቆሮ አገኘሁ፤ ቀጥሎ ያለው የሳቸው ግቢ ነው።

የሳር ጎጆ ነበር።

ልጆቻቸው ቆርቆሮ ያለበሱት ከሀዋ ሞት በኋላ ነው። ጓደኛዬ የላከው ምስል የቆየ ኖሯል፤ ሳተላይቱ አሶሳን ፎቶ ሲያነሳ ሀዋ በሕይወት ነበረች። ከዚያ ጣሪያ ሥር ወይም ከደጁ የሆነ ቦታ አለች ማለት ነው።

«ሳር ነው» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ሀዋ አለ። ዝቅ በል ያ ወለዲ፣ ዝቅ በል።»

ዝቅ አልኩ። እንዲህ ያለው ምስል ደግሞ ከቀረቡት ይደበዝዛል፤ ጎጆው ቡናማ ጭጋግ ሆነ፣ ግቢው ተዋጠ።

«ዓይኔ ነው ኮምፒዩተር?»

«ኮምፒዩተሩ ነው ጋሽ ኢድሪስ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ለመስኮቱ ቀስ ብለው አወዛወዙ። ለራሳቸውም ለኔም ያሉት አልመሰለኝም፤ «ይታያል። አልዋሸሁም።»

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እንበራለን። ግራ ዓይናቸው ጨርሶ ሄዷል፤ ቀኙም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ «ደረስን?» ይሉኛል፣ «በላዩ ላይ ነን» እላቸዋለሁ፣ እጃቸውን ያነሳሉ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ፕሮግራሙን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ማስታወቂያ ይመጣብኛል፤ ለአሶሳና አካባቢዋ አዲስና ጥርት ያለ ምስል ተዘጋጅቷል፣ ይጫን ወይ ይላል። ቀኑን ሙሉ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ላይ «ለምን አታዘምኑም?» እያልኩ የምጮኸው እኔ፣ በየሳምንቱ «በኋላ» የሚለውን እጫናለሁ። ጋሽ ኢድሪስ ሳርና ቆርቆሮ የሚለይ ዓይን እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ምስሉ ቢቀየር አያውቁም።

እኔ ግን አያለሁ።