ሁሉን የሚያብራሩት ክቡር ማለትም

ገበሬ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ከድርቅም፣ ከበረዶም፣ ከተምችም ያመልጥ ይሆናል፤ ከማብራሪያ ሰጪ ግን አያመልጥም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ዕድሜ ልካችሁን ስትሠሩት የኖራችሁትን ነገር ስሙን ሊነግራችሁ ከሩቅ ተነስቶ የሚመጣ፣ ካልጨረሰ የማይሄድ፣ ሲጨርስ ደግሞ "ግልጽ ነው?" ብሎ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ነው።

የዚህ ወገን ሁሉ አውራ ክቡር ማለትም ነበሩ። የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳ ሱሪ የሚለብሱ፣ ጠመኔ ከኪሳቸው የማይለይ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም እንደነበር አይካድም፤ ነገር ግን "ማለትም" ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርሱ ገበሬው ይህን ማዕረግ ሰጣቸው።

በየወሩ የገበሬው ማኅበር መጋዘን ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ይሰቅሉና ቃል ያብራራሉ። "ማሳ ማለት ሰብል የሚለማበት መሬት ማለት ነው" ይላሉ፣ የማሳ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የለበሰውን ሕዝብ። "ፍግ" ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንዲትን ሴት መንገድ ላይ አስቁመው ነበር፤ ሴትዮዋ አንድ ቅርጫት ሙሉ ፍግ ተሸክማለች። አንድ ቀን ደግሞ "ግብዓት ማለት ወደ ማሳ የሚገባ ነገር ሁሉ ማለት ነው" ሲሉ፣ ከኋላ አንዱ "ትናንት የጎረቤቴ ፍየል ገብታለች፤ እሷስ?" አላቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ክቡርነታቸው አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና፣ "በጣለችው ፍግ ከሆነ ግብዓት ናት፤ በበላችው ሰብል ከሆነ ግን ጉዳት ናት" ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

አንድ ድንች አብቃይ ግን አይስቅም ነበር። ከእሳቸው ጋር ከተቀያየመ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱን የቀበረ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ተራ በተራ "አፈሩን ያቅልልላት" እያለ ሲያልፍ፣ ክቡር ማለትም አጠገቡ ቆመው ጉድጓዱን እያዩ፣ "ቀላል አፈር ማለት አሸዋ የሚበዛበት ማለት ነው። ይሄኛው ሸክላማ ነው፤ ውሃ ይይዛል" አሉ። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልመለሰላቸውም። ስብሰባ ሲጠራ ይሄዳል፤ መጋዘኑ ጥግ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይተኛል። በዚህ ዓመትም ሰሌዳው ላይ "አጠውልግ" የሚል የበሽታ ስም ተጽፎ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲብራራ እሱ ያንኮራፋ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ድንቹ ሊያብብ ሲል፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰውዬው በአረንጓዴው መሃል አንድ ተክል ራሱን ደፍቶ አገኘው። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ውሃ ጠምቶት አይደለም። ነቀለውና፣ አረም ሁሉ እንደሚጣለው፣ አባቱም ሲያደርግ እንደኖረው፣ ከማሳው ጥግ ወዳለው ቦይ ወረወረው። ቦዩ ቁልቁል ወደ ሴት ልጁ ማሳ ይወርዳል። ልጅቱ ካገባች ገና ዓመቷ ነው፤ ከባሏ ጋር ከአማቷ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። የዘንድሮው ድንች ሲነሳ የራሷን ጎጆ ልትወጣ ነው፤ የበሩን እንጨት ሳይቀር መርጣለች።

በሳምንቱ የጠወለጉት አሥራ አንድ ሆኑ። ሰውዬው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ባለሙያው ቢሮ ሄደ። አንድ መስኮት፣ አንድ እግሩ ጡብ ላይ የቆመ ጠረጴዛ፣ በየጠርሙሱ ዘር። ክቡር ማለትም ሲያዩት ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ድንቼ ታሟል" አላቸው። እሳቸውም ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልለው ተከተሉት።

ማሳው ውስጥ አንዱን ግንድ ቆረጡና፣ ብርጭቆውን ንጹህ ውሃ ሞልተው ጫፉን ነከሩት። ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ትንሽ ቆይቶ ከግንዱ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

"አጠውልግ ነው" አሉ ክቡር ማለትም። ከዚያ ዝም።

ሰውዬው ጠበቀ። ያን ጊዜ ፈራ፤ እኚህ ሰው ያላብራሩት ነገር ምን ቢከፋ ነው?

"ማለት?" አላቸው በመጨረሻ።

"ተነቅሎ ይቀበራል፣ ወንድሜ። ሁሉም። ለዘርም አይሆንህ። እዚህ መሬት ላይ ለዓመታት ድንች አትተክልም።" ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። "መጀመሪያ የጠወለገውን የት ጣልከው?"

በአገጩ ወደ ቦዩ ጠቆማቸው። ክቡር ማለትም ቦዩን በዓይናቸው ተከትለው ቁልቁል እስከ ልጅቱ ማሳ አዩና መቆፈሪያ አነሱ።

ሁለት ቀን አብረው ነቀሉ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቀበሩ። አፈሩን ሲመልሱ ሽማግሌው ባለሙያ ቀና ሳይሉ፣ "ያን ዕለት መቃብሩ ላይ..." አሉ። "ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል አላውቅበትም። የማውቀውን ዘባረቅሁ። ከዚያ ወዲህ አንተ ፊት ቃል ማውጣት እፈራለሁ።"

"እሺ፤ ይናገሩ እንግዲህ" አለ ሰውዬው፣ አካፋውን ሳያቆም። አፋቸው ተፈታ። በሽታው በምን በምን እንደሚተላለፍ እስኪመሽ አስረዱት፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተኛ ሰማ። አራተኛው መተላለፊያ ውሃ መሆኑን ሲሰማ ዓይኑ ወደ ቦዩ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ልጅቱ ማሳ ወረዱ። በቦዩ ዳር ሦስት ተክሎች ራሳቸውን ደፍተዋል። ክቡር ማለትም ብርጭቆአቸውን አውጥተው ነጩን ክር አሳዩዋት።

"ሁሉም ይነቀላል?" አለች።

"ሁሉም።"

ልጅቱ ወገቧን ይዛ ማሳዋን ዳር እስከ ዳር አየችው። "ከየት መጣብኝ?"

ክቡር ማለትም ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ይህ በሽታ መተላለፊያዎች አሉት። በዘር ይተላለፋል፤ ማለትም ከታመመ ድንች በተወሰደ ዘር። በአፈር ይተላለፋል፤ ማለትም ጫማ ላይ ተጣብቆ በሚመጣ። በመሣሪያም ይተላለፋል፤ ማለትም ባልታጠበ መቆፈሪያ።" እዚህ ላይ ቆሙ። መሐረባቸውን አውጥተው ብርጭቆውን መወልወል ያዙ።

አባትየው አራተኛውን ጠበቀ። ብርጭቆው ጸድቷል፤ ሽማግሌው ግን አሁንም ይወለውላሉ። የማሳ ጭቃ ለለበሰ ሰው ማሳ ምን እንደሆነ ያስረዱት ሰው፣ አንዲት ቃል ለእሱ ሲሉ ዋጡ። አባትየው ሁለት ዓመት ያኮረፋቸውን ሰው እዚያው ቆሞ ወደዳቸው።

"በውሃም ይመጣል" አለ ለልጁ። "የታመመውን ቦዩ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ልጅቱ ቦዩን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረች። "እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አባትሽ እኮ ነው" አሉ።

አባቷ ይዞት የመጣውን ጆንያ አፉን በሁለት እጁ ከፍቶ አጠገቧ ቆመ። ይቅር አላለችውም። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ተክል ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቀለችና ከተተችበት።