በፍልሰታ ጾም መኪናዬ ጥብስ ጥብስ ሸተተች

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሻችሁ ውሸት ነው ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለዘመዶቼ ትልካላችሁ።

ላኩ! ከዚህ በላይ የምዋረድበት ቦታ አልቀረም።

ይህን የምጽፈው ዋጃ መንገድ ዳር፣ ከቆመችው መኪናዬ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዙሪያዬን ውሾች ተኝተዋል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ቀስ በሉ።

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ በአጻጻፌ አትሳቁ። የምትስቁበት ሌላ ብዙ ነገር አለ።

ልጄ ሀብታሙ የዋጃ ልጅ ወደደ። ብርቱካን ትባላለች። ጨዋ ልጅ ናት። አባቷ አያ አራጌ ግን... እንዴት ልበላችሁ... በፍልሰታ ከቆሎና ከውኃ በቀር የማይቀምስ፣ ዘይት የነካው ወጥ እንኳ ሲሸተው ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። በአካል ተያይተን አናውቅም። ዝናው ግን እኛ ጋ ቆቦ ድረስ ይሰማል።

ሰሞኑን ደግሞ ወሬ መጣ። ጾሙ ሲፈታ ሌላ ቤተሰብ ለብርቱካን ሽማግሌ ሊልክ ነው!

ልጄ እህል መብላት ተወ። እኔ ቂሉ ጾሙን ያጠበቀ መስሎኝ ስመርቀው ሰነበትኩ።

እናቱ አለሚቱ ናት ነገሩን የነገረችኝ። ካልቀደምን ልጁ ማበዱ ነው። ሮጬ ሁለት ሽማግሌ ለመንኩ። አንዱ የነፍስ አባታችን ቄስ ይግዛው ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ። እኛ ጋ ሽማግሌ የሚመረጠው በሃይማኖቱ አይደለም፣ በአንደበቱ ነው። ሐጂ ደግሞ ድንጋይ ያለዝባሉ።

ለዛሬ ጠዋት ተባለ። ሁሉ ነገር አማረ።

ትናንት ጠዋት መኪናዬ ተበላሸች!

ከካምቢዮው ወደ ፊት ጎማው ኃይል የሚያደርስ ዘንግ አለ አይደል? መጋጠሚያዎቹን የሚሸፍን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ አለው። በውስጥ በኩል ያለው ላስቲክ ተቀዶ ግራሶው ሁሉ ወጥቷል። በዚያ ከተነዳ ብረቱ እርስ በርሱ ይበላላል።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «ፋዘር፣ ዘንጉ ሙሉ ነው የሚወርደው። ከነገ ወዲያ ብቅ በል» አለኝ።

ከነገ ወዲያ! የዚህ አገር መካኒክ ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከነገ ወዲያ ነው!

አለሚቱ «በሚኒባስ ይሂዱ» አለች። «ደግሞስ አንተ ምን ቤት ነህ? የልጁ አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ሽማግሌ ያመላልሳል እንዴ?»

እውነቷን ነው። በኛ ወግ የወንዱ አባት ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ነው የሚጠብቅ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። «የኔ ሽማግሌዎች ከዶሮ ጋር ተጋፍተው አይሄዱም! እኔው እጠግናታለሁ፣ እኔው እነዳታለሁ!» አልኩ።

ምን አለ ያኔ ምላሴ በተሳሰረ!

ትናንት ከሰዓት ላስቲኩን ገዝቼ፣ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ ቪዲዮ ከፈትኩ። ፈረንጁ የሚለው አይገባኝም፤ እጁን ግን አያለሁ። ጎማ ፈታሁ። ዘንጉን ታግዬ ነቀልኩ። የተቀደደውን ላስቲክ በቢላ ሸርክቼ ጣልኩ። ውስጡ ያለውን ባለ ሦስት ኩሽኔታ መጋጠሚያ በቤንዚን አጠብኩት፣ እንደ ብር አበራ። አዲሱ ላስቲክ ሰተት ብሎ ገባ።

እንዴት እንደኮራሁ! ጎረቤት በአጥር እያየኝ ሆን ብዬ አፏጨሁ።

ከላስቲኩ ጋር የሚመጣውን የግራሶ ከረጢት በጥርሴ ያዝኩና ቀደድኩት።

ጧ!

ግራሶው በሙሉ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። አሸዋ የገባበትን ግራሶ መልሶ መጋጠሚያ ውስጥ መክተት ብረቱን በሞረድ መፋቅ ነው። ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ዘግቶ ለቀብር ሮቢት ከተማ ሄዷል። ሌላው ሱቅ? እሱም ቀብር! አንድ ሰው ሲሞት የከተማው ግራሶ አብሮ ይቀበራል እንዴ?

ቤት ተመልሼ ስሳደብ ሐጂ ሰይድ በአጥሩ ብቅ አሉ።

«አብሽር! ምን ያስጮህሃል? ድሮ የጋሪ እግር በምን ነበር የምናለሰልሰው? በሞራ አይደል?»

ገብተው የበግ ላት ይዘውልኝ መጡ። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚያንሸራትት። ግራሶ ቁርጥ!

ወገኖቼ፣ የሰው ልጅ ሲናደድ አእምሮው ቀድሞ ነው የሚጾም። ላቱን ቀጥቅጬ መጋጠሚያው ውስጥ ጠቀጠቅኩት። የላስቲኩ ማሰሪያ ቀለበት አልገጥም ሲለኝ በሽቦ ጠፈርኩት። መኪናዋን አስነስቼ ሞከርኳት። ጸጥ ያለች! እንዲያውም ከበፊቱ ተሻለች።

ያቺን መኪና ያመነ!

ዛሬ ጠዋት ቄስ ይግዛው ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፣ ሐጂ ከኋላ። ቆቦን ለቀን ትንሽ እንደሄድን ቄሱ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ ምን ቀምሰህ ነው የወጣኸው?»

«አባ፣ ኧረ ምንም! ጾም ነኝ!»

«እሺ» አሉ። ግን ሽታው እሺ አላለም። ዘንጉ በተሽከረከረ ቁጥር ላቱ ቀልጦ በሽቦው ሥር ይሾልካል፤ የሾለከው የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ ይረጫል። ቸስ! ቸስ! መስኮት ከፈትን፣ ባሰበት። በእመቤታችን ጾም፣ ቄስ ጭኜ፣ መኪናዬ ጥብስ እየጠበሰች ትበራለች!

ሐጂ ከኋላ በለሆሳስ «ወላሂ፣ ጥሩ በግ ነበር» አሉ።

ዋጃ ስንገባ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎን ለጎን ተጠጋንና «ፋዘር፣ ጥብስ ደረሰ?» አለኝ። ልሰድበው ስል ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ፣ ዋጥኩት።

ከአያ አራጌ በር ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ነገራቸው ሳይሰማ ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም። እኔ ደግሞ የልጁ አባት ነኝና መታየት የለብኝም። መሪው ላይ አቀርቅሬ ልጄን አሰብኩ። «አምላኬ ሆይ፣ ይህችን ብቻ አሳካልኝ» አልኩ።

አንድ ውሻ መጣ።

ከዚያ ሌላ። ከዚያ የዋጃ ውሻ በሙሉ! መኪናዋ ሥር ገብተው ይልሳሉ፣ ይናከሳሉ፣ ያላዝናሉ። ጥሩምባ ብነፋ አልሰማ አሉ። አንዱ ቀይ ውሻ አዲሱን ላስቲክ በጥርሱ ይዞ እንደ አንጀት ይጎትታል! ወርጄ በእግሬ ስመታቸው ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዲት እናት አማትበው «በፍልሰታ ምድር!» ሲሉ ሰማሁ።

አያ አራጌ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከኋላው።

«አንተ! በእመቤታችን ጾም ደጄ ላይ ሥጋ ትጠብሳለህ?»

«ሥጋ አይደለም!» አልኩ። «ላት ነው!»

ላት ነው! እስቲ እንዲህ ብሎ ራሱን የሚከላከል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐጂ ሊያድኑኝ ፈጠን ብለው ገቡ። «አያ አራጌ፣ ወላሂ ይህ ሰው አልቀመሰም። በጉ የኔ ነው። በገዛ እጄ ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩት ነው።»

ሰፈሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን። ይህ የጠፋው ሰው ራያ ውስጥ የለም። ሐጂ አንዱን ኃጢአቴን ሊያወርዱልኝ ሁለተኛ ጫኑብኝ!

አያ አራጌ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ክንዴ ድረስ ጥቁር ነኝ፣ ሸሚዜ ላይ ሞራ ተለጥፏል።

«ለመሆኑ አንተ ለልጁ ምኑ ነህ?»

ልጄ በዓይኔ መጣ። እውነቱን ብናገር ጋብቻው እዚያው ውሾቹ መሃል ማለቁ ነው።

«እኔ... እኔ ሹፌር ነኝ። ተቀጥሬ ነው።»

ቄስ ይግዛው ዶሮ የጮኸ ይመስል ዞር ብለው አዩኝ።

በዚህ መሃል አንዲት ልጅ ባልዲ ይዛ ወጥታ ውሾቹ ላይ ውኃ ደፋች። ብርቱካን ናት። ቀና ብላ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያ የማይረባ ልጄ ፎቶዬን አሳይቷታል!

«ሹፌር፣» አለችኝ፣ «ለእጅዎ መታጠቢያ ሳሙና ላምጣልዎት?»

አሁን ለቅጥር ሹፌር ማን ነው አንቱ የሚለው? አባቷ ግን ልብ አላለም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ነበር።

«እናንተን አክብሬ ሰምቻለሁ። ቤተሰቡ ጨዋ ነው ይባላል፣ ልጅቷም ልጁን አልጠላችም። ጾሙ እስኪፈታ ለሌላ ቃል አልሰጥም። ያኔ አባትየውን ራሱን ይዛችሁልኝ ኑ። ፊት ለፊት አይቼው ነው ልጄን የምሰጠው።»

እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

«ደግሞ ንገሩት» አለ በዱላው እያሳየኝ። «ይህን ባለጌ ሹፌር ዛሬውኑ ያባርር!»

ቄስ ይግዛው መሬት መሬት እያዩ «እንነግረዋለን» አሉ።

ሐጂ ሳል ያዛቸው። «ወላሂ አያ አራጌ፣ አሁን የሰማ ያህል ቁጠረው።»

ሽማግሌዎቼ በሚኒባስ ተመለሱ። አዎ፣ ከዶሮ ጋር። እኔ መኪናዬን በሰው አስገፍቼ አስፋልቱ ዳር አወጣኋትና ግራሶ የሚያመጣልኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው። ለልጄ ደውዬ «ተሳክቷል» አልኩት። በደስታ ሲጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። የቀረውን አልነገርኩትም። እዚህ ያነበዋል።

አሁን ኮሜንት ላይ ምክር ስጡኝ እንጂ አትሳቁ። ሹፌሩን እንደታዘዝኩት አባርሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ያቺን መሪ አይነካም።

አባትየውን ከየት ላምጣ?