የራሴን በር ሳንኳኳ

ኮምፒውተር የተማርኩት ቅዳሜን ለመግፋት ነው። ሌላውን ቀን ሥራው ይገፋልኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ለቅሶም አይጠፋም። ቅዳሜ ግን አስቸጋሪ ናት። ሬዲዮ ከፍቼ ከጋዜጠኛው ጋር ስከራከር እውላለሁ። እሱ አይሰማኝም፤ እኔም አላምነውም። ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ።

ባለቤቴ ትርንጎ ጅዳ ናት። ለሁለት ዓመት ብላ ሄዳ አራተኛውን ይዛለች። የሄደችው ቤታችንን ለመጨረስ ነበር። ቤቱ አለቀ። ኮርኒሱ ገባ፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ፤ አሁን የጎደለው የሚኖርበት ሰው ብቻ ነው። አርብ አርብ ትደውላለች። ደህና ነህ ትለኛለች፤ ደህና ነኝ እላታለሁ። እሷም ደህና ናት። ዝናቡን ትጠይቀኛለች፤ ዘንቦ እንደሆነ ዘንቧል፣ ካልዘነበም አልዘነበም እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚያወራው ያጣል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር።

ታዲያ ትምህርት ቤታችን ለመምህራን የቅዳሜ ጠዋት ሥልጠና አዘጋጀ ሲባል፣ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ተመዘገብኩ። ለካስ በኮምፒውተር ሥዕል ማንቀሳቀስ ኖሯል። አኒሜሽን ይሉታል፤ ለማስተማሪያ ይሆናል ተብሎ ነው። አሠልጣኛችን ሰላም ትባላለች። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ሳይንስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተማርነው ክብ ማንቀሳቀስ ነበር። ክቡን እዚህ ታስቀምጡታላችሁ፣ ቀጥሎ እዚያ ጫፍ ታስቀምጡታላችሁ፣ መሃሉን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል። መነሻውንና መድረሻውን ማወቅ ይበቃል አለችን። እኔ የምኖረው መሃሉ ላይ ስለሆነ ትንሽ ከፋኝ።

ቀጥሎ ኳስ ማንጠር መጣ። የኔ ኳስ ደረጃ የሚወርድ ሽማግሌ ይመስል እየተጠነቀቀ ወረደ። ሰላም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ የሚወድቅ ነገር እየወረደ ሲሄድ ይፈጥናል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፈተና ላይም አውጥቼው ነበር። ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ ደጋግሜ እየጣልኩ አየሁ። ከዚያ ኳሱ ተሳካልኝ፤ መሬት ሲነካ ጠፍጠፍ ብሎ ይነሳል። ለሰው ላሳይ ብዬ ዞር ስል፣ አጠገቤ ያለው የሒሳብ መምህር ከስክሪኑ የወጣበትን ኳስ ይፈልጋል።

መጨረሻ ላይ ቅርጽም እንቅስቃሴም ድምፅም ያለው አጭር ነገር ሥሩ ተባልን። አንዱ የውሃ ዑደት ሠራ፣ ሌላዋ የልብ ትርታ። እኔ ቤቴን ሠራሁ። አራት ማዕዘን ግድግዳ፣ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ በሩ አረንጓዴ፣ አጠገቡ ጽድ። ከዚያ ሦስት ማዕዘን ቀሚስ፣ ክብ ራስ፣ ሁለት ቀጭን እግር። ትርንጎ ናት። ከመንገዱ ትመጣለች፣ ታንኳኳለች፣ በሩ ይከፈታል። ሌላ ነገር የለውም። እግሮቿን ለማራመድ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

የቀረው ድምፁ ነበር። ከየቤታችሁ ቀድታችሁ አምጡ ስለተባልን ስልኬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፣ በሩን ዘግቼ አንኳኳሁ። ገብቼ ስሰማው ድመት የምትቧጥጥ መሰለ። ሁለተኛውን ጠንከር ሳደርገው የፖሊስ ሆነ። በሦስተኛው አህያ አናፋ። እየገባሁ ስሰማ፣ እየወጣሁ ሳንኳኳ ረፋዱ አለቀ። የትርንጎ አልሆን አለኝ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ በእጃቸው ዳቦ በሰሃን ይዘው ብቅ አሉ።

«መምህር፣ ዛሬስ እንግዳው በዛብዎት፤ ብቻዎን ምን ያቀርባሉ ብዬ ነው።»

እንግዳ የለም። እኔ ብቻ የገዛ በሬ ላይ ቆሜያለሁ።

«ቁልፍ ጠፋብዎት?» አሉኝ።

«አልጠፋም።»

«ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም እትዬ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አስተያየታቸውን አልወደድኩትም። ለትርንጎ ለምልከው ሥዕል ድምፅ እየቀዳሁ መሆኑን አስረዳኋቸው። ሰሃኑን ለእኔ አቀበሉኝና ወደ በሩ ተጠጉ።

«ትርንጎ እንዲያ አይደለም የምታንኳኳ። በመዳፏ ነው የምትመታ» አሉና በመዳፋቸው ሁለቴ መቱት።

ልክ ነበር፤ ስልኬም ቀዳው። እኔ ሃያ ዓመት ስከፍትላት ኖሬ ያላስተዋልኩትን እሳቸው ከአጥር ማዶ ሰምተው ይዘውታል። ዳቦውን ደረጃው ላይ ተቀምጠን በላን። የሳቸውም ሁለት ሴት ልጆች እዚያው አረብ አገር ናቸው። «አብሽር» አሉኝ ሲነሱ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

ሐሙስ ሥዕሉን ከነድምፁ ላክሁላት። አርብን ሳትጠብቅ ደወለች። «አየሁት» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ልታለቅስ ነው ብዬ የማጽናኛ ቃል አዘጋጀሁ።

«በራችን ከመቼ ወዲህ ነው አረንጓዴ የሆነው?» አለችኝ።

ሰማያዊ ነው። አረንጓዴው ጎልቶ ይታያል ብዬ ነው አልኳት።

«ጽዱስ ለምን በግራ ቆመ?»

«ከመንገድ ለሚያይ በግራ ነው።»

«ከመንገድ ማን ያያል? እኔ የማውቀው ከቤት ስወጣ ነው። ደግሞ እኔ እንዲህ ነው የምራመደው? እንደ ዳክዬ?»

ትንሽ እንደሱ ነሽ አልኳት። ምን አፍ ሰጠኝ? ከአረማመዷ ወደ እኔ ማንኮራፋት ሄድን፣ ከማንኮራፋቴ ሳልከረክመው ወደ ቀረሁት ጽድ። የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ተጨቃጨቅን። ስልኩ ሲጠፋ ሳሎኑ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለትዳር መሆኔ ትዝ አለኝ።

እንደ ደህና ተማሪ ሁሉን አርሜ መልሼ ላክሁላት። በሩ ሰማያዊ፣ ጽዱ በቀኝ፣ አረማመዷ የእመቤት። ደወለች። «አሁን ልክ ነው፤ ጎበዝ» አለችኝና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ተሰነባበትን።

ገባኝ። በአዲሱ ሥራዬ ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ ፊት ለፊት ገተርኩት። አጥሩን አፈረስኩት። ሰላም አይታ፣ ጋሼ ይሄ ተሳስቷል ብትለኝ፣ ተዪው አልኳት። የትርንጎን እናትም ጨመርኩበት፤ አፍንጫቸውን ትንሽ አስረዘምኩት። ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ። እግዜር ካለ ይሄኛው ሳምንት ሙሉ ያጣላናል።