አልበላም

ዝምተኛ ሰው ሲታመም ዝም የሚያሰኝ በሽታ ቢሰጠው ምን ነበረበት? ጉንፋን፣ ቁርጥማት፣ ወባ... እነዚህ ተሸፋፍነው፣ አፍን ዘግተው የሚታመሟቸው ጨዋ በሽታዎች ናቸው። የእኔው ግን የሚያናግር ነው። ስንዴ አይስማማኝም። አይስማማኝም ስል መሞላቀቅ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ቁራሽ ዳቦ ሆዴ ከገባች አንጀቴ ይገለበጣል፤ ኩንታል የለመደው ትከሻዬ አንሶላ መግፈፍ ያቅተዋል። ከስቼ ከስቼ፣ ሰፈርተኛው በሹክሹክታ ቀብሮኝ ሊጨርስ ሲል ነው አንድ ኩባዊ ሐኪም በአስተርጓሚ፣ "ስንዴና ገብስ እስክትሞት እንዳትቀምስ፤ ከቀመስክ ሞቱ ይቀርባል" ያለኝ። የበሽታውን ስምም ነግሮኝ ነበር። ምላሴ አልያዘውም።

ከዚያ ወዲህ ከመብላቴ በፊት መጠየቅ ግዴታዬ ሆነ። ምን ገባበት? በምን ተቦካ? ቀላል ይመስላል አይደል? ዘመኑ ግን የደርግ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ጠያቂው የታወቀ ነበር፤ የእኛ ድርሻ መመለስ ነው። "ዱቄቱ ከየት መጣ?" የሚል ሰው ወይ ከላይ የተላከ ነው፣ ወይ ወደ ታች ሊላክ ነው።

ደግሞ ጠየቃችሁ ማለት እውነቱን አገኛችሁ ማለት አይደለም። እዚህ ድሬዳዋ፣ መጋላ ገበያ፣ አንዲት ሳምቡሳ ሻጭ ስንዴ እንደሌለበት በአላህ ስም ምላልኝ በልቼ፣ እየተንፈራገጥኩ አድሬ ብመለስባት፣ "ኧረ ስንዴ የለበትም አባቴ! ፉርኖ ዱቄት ብቻ ነው" አለችኝ። አልዋሸችም። ለእሷ ስንዴ ማለት በጆንያ የሚመጣው፣ የሚለቀመው ፍሬ ነው። ፉርኖ ግን ሲፈጠርም ፉርኖ ነው።

ያን ጊዜ ባቡር ጣቢያው ዕቃ መጫኛ ላይ ኩሊ ነበርኩ። ዘመኑ "ወዛደር" ብሎ አክብሮናል፤ የወዛደሩን ዳቦ መብላት የማይችል ወዛደር ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሚስቴ እናቷን ልታስታምም ገጠር፣ ጀልዴሳ ሄዳ ስለነበር ምሳዬ ቀበሌ ክበብ ላይ ወደቀ። የቀበሌ ክበብን ደግሞ አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል፤ ከከዚራ እስከ መጋላ ያው ቀይ ጨርቅ፣ ያው የተጣመመ ትሪ፣ ያው ወጥ። የእኛ ሰፈሩ ግን ጤፍ በኮታ ስለሚደርሰው እንጀራው ይታመናል። የምበላውም ከአብዲ ጋር በአንድ ትሪ ነው። አብዲ አብሮኝ የሚጭን፣ ዳቦ ነፍሱ የሆነ ሰው ነው፤ ፍርፋሪው ወደ እኔ በኩል እንዳይሄድ ብሎ ግን ከእኔ ጋር ሲቀመጥ ዳቦ አይነካም።

አንድ ሳምንት እንጀራው ተለወጠብኝ። ነጣ፤ ስትቆርሱት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሆዴም ማጉረምረም ጀመረ። ክበቡ በቅርቡ ከደጋ የመጣ አዲስ ኃላፊ ተሹሞበታል፤ ጓድ በቀለ ይባላል። ሰውዬው መንገድ ላይ እንኳ ሲሄድ ወደ ኋላው ይገላመጣል።

"እንጀራው ስንዴ አለበት?" አልኳት አስተናጋጇን።

ልጅቷ ወደ ጓድ በቀለ ሮጠች። አብዲ በክርኑ ጎሸመኝ። "ወሪያ! በዓመት አንዴ ትናገራለህ፣ እሷንም እዚህ? ዝም ብለህ ብላ አቦ፣ ወይ ዝም ብለህ ተራብ!" በዓይኑ ግድግዳውን አሳየኝ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አስደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ሻያቸውን ማማሰል ትተው ወደ እኛ ያያሉ።

ጓድ በቀለ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። "ጓድ፣ ጥያቄ አለዎት ተባልኩ። ከላይ ነው የመጡት?"

"ከታች ነው" አልኩ፣ ወደ ዕቃ መጫኛው እየጠቆምኩ።

ፈገግ አለ። እንደ ሚስጥረኛ ዓይነት ፈገግታ ነበረች፤ አልወደድኳትም። "ገባኝ፣ ገባኝ። እዚህ ንጹሕ ጤፍ ነው። ስንዴ የሚባል በዚህ በር አልገባም!" ወደ ጓዳ ጮኸ። ያላዘዝኩት ጥብስ በእንጀራ ተጎናጽፎ መጣ። ያመጣችው ወጥ ሠሪዋ አዴ ኢፍቱ ናት። ትሪውን ስታስቀምጥ ፊቴን ሳታይ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን እያወናጨፈች፣ "ቀመዲ ቀባ። ሂን ኛቲን" አለች። ስንዴ አለበት፣ እንዳትበላ ማለቷ ነው።

"ምን አለች?" አለ ጓድ በቀለ። ኦሮምኛ አይሰማም።

"ያቃጥላል፣ ተጠንቀቅ አለች።" ውሸትም አልነበረም።

አሁን ነገሩን እዩልኝ። ብበላ እታመማለሁ፤ ደጋግሜ ከታመምኩ ሐኪሙ ያለው ይደርሳል። ስንዴ አለበት ብል ማን ነገረህ ይመጣል፤ የአዴ ኢፍቱ ቀሚስ ገና ከጓዳው መጋረጃ ሥር ይታየኛል፤ አልሄደችም። ምግባችሁ ያሳምማል ብል አሉባልታ ነዢ ነኝ፤ ለአሉባልታ ደግሞ የምትበቃ የእስር ክፍል ቀበሌያችን ነበራት። እኔ ይህን ሳሰላስል ጓድ በቀለ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ።

"በሞቴ ጓድ! ከእጄ!"

ጉርሻው አፌ ሥር ቆመ። የጥብሱ ቅባት ክንዱ ላይ ይንጠባጠባል። የክበቡ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ፊቴን ከጉርሻው መለስ አደረግኩ።

"አልበላም" አልኩ።

አማርኛ ጉደኛ ቋንቋ ነው። እንጀራም ይበላል፣ ጉቦም ይበላል፣ የመንግሥት ጤፍም ይበላል። እኔ የእንጀራውን አልኩ። ሰውዬው የሌላውን ሰማ።

ጉርሻው ከእጁ ወደቀ። "እኔም አልበላሁም ጓድ!" አለ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። "እናቴን! አንዲት ኩንታል አልበላሁም! ጤፉ ከመጋዘን ሲመጣ ነው የሚጎድለው፤ በርዳታ ስንዴ እያሟላን... ማለቴ፣ አናሟላም!"

ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ሻዩን አስቀመጠ። እኔ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር እስኪያርፍ ብጠብቅ ምንም አላረፈም።

በማግስቱ እንጀራው ጤፍ ነበር። እንደ ጥንቱ ጠቆር ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ እውነተኛ ጤፍ። ወሬው በየክበቡ ዞሮ ኖሮ ከዚራም ጤፍ፣ መጋላም ጤፍ ሆነ አሉ። ድሬዳዋ በእኔ ሆድ ምክንያት ጤፍ በላች። አዴ ኢፍቱም ከጓዳዋ አልተነሳችም፤ ስለ እሷ ያወቀ የለምና።

አብዲ ግን በማግስቱም፣ በሳልስቱም ጠረጴዛዬ ላይ አልተቀመጠም። ጠጋ ብዬ፣ "ሆዴን ነው እኮ ያመመኝ" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ለጓደኛ የሚባል "እሺ" አይደለም፤ ለአለቃ የሚባል ነው። ለዓመታት ስለ ኮታው፣ ስለ ዘመቻው፣ ስለ ሊቀመንበሩ ሆድ የቀለደልኝን እያንዳንዷን ቀልድ እየቆጠረ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበባል። ብዙ የሚናገር ሰው ብሆን ኖሮ ምናልባት አስረዳው ነበር። ዝምታዬ ራሱ ለካ ማስረጃ ሆኖብኛል፤ ሁሌ የሚሰማ እንጂ የማይናገር ሰው ከጆሮ ጠቢ በቀር ምን ሊሆን ይችላል?

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ደስ አለኝ። ትሪውን ወደ እሱ ገፋሁለት። ቆሞ ቀረ። በእጁ ዳቦ ይዟል።

"ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ፤ "ይህቺ ወንበር ሰው ከሌላት ልውሰዳት?"

"ውሰዳት" አልኩት።