ስሙን ሳላውቅ አልበላም

መምህር ኦክ ጁንግሲክ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ ሾርባቸውን ከመቅመሳቸው በፊት፣ የዓሣውን ክንፍ በቾፕስቲክ ዘርግተው እሾሁን ይቆጥራሉ። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ከሕንፃው ቀድሞ የተቀጠረ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። የወደቡ የባሕር እንስሳት መለያ ቤተ ሙከራ ድርሻው እኚህ ክቡር ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው በማግሥቱ ሥራ የገቡ።

«ስሙን ሳላውቅ አልበላም» ይላሉ። ሌላው በልቶ፣ ጥርሱን ቦርሾ ሲመለስ እሳቸው ገና ዘጠነኛው እሾህ ላይ ናቸው።

ኃላፊዋ ማ ዩንሂ በዚህ ዝግመት አሥራ ስምንት ዓመት ተቃጥላለች። ከዝግመቱ የባሰው የሚያወሩት ታሪክ ነው። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ቤተ ሙከራው ሲቋቋም አልኮል ስላልነበረ ዓሣው እንዳይበሰብስ የሚነከረው በሶጁ አረቄ ነበር፤ ዓሣው ሳይጎድል አረቄው ይጎድል ነበር አሉ። በትልቁ ማዕበል ጊዜ ደግሞ ሠራተኞቹ ሚስቶቻቸውን ትተው ጠርሙሶቹን አዝለው ኮረብታ ወጡ። መምህር ኦክ ያኔ አልተወለዱም፤ ሲያወሩት ግን ጀርባቸውን ያሻሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ተቆጣጣሪ ፒዮ ከነሹፌራቸው ከሚኒስቴሩ መጡ። ቤተ ሙከራው እንዲዘጋ የቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ዓሣ ሁሉ ስም ወጥቶለት አላለቀም እንዴ፣ ኃላፊ ማ?» አሉ ምሳ ላይ፣ እያላመጡ።

ዩንሂ ሾርባ ልትጨምርላቸው ስትነሣ የመምህር ኦክ ቾፕስቲክ የእንግዳው ሳህን ውስጥ ገባ።

«አሥራ ሁለት» አሉ። ደግመው ቆጠሩ። «አሥር ነበር መሆን ያለበት። ወይዘሮ ቦንግ፣ ይሄን ዓሣ ማን አይቶታል?»

«ኧረ መምህር፣ የጀልባችን ካፒቴን ለእንግዳው ብሎ ጠዋት ያመጣው ነው» አለች ምግብ አብሳይዋ። «ቀጥታ ድስት ገባ።»

በዚያ ቤት ያልተለየ ዓሣ ድስት አይገባም። ስድስት ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሳህንዎን ይስጡኝ።»

«እየበላሁ ነው እኮ።»

«አይቻለሁ።»

ጭንቅላቱ የዩንሂ ሳህን ውስጥ፣ ጅራቱ ሹፌሩ ዘንድ ተገኘ። አጥንቱ ሁሉ ተለቅሞ ናፕኪን ላይ ተደረደረ።

«ጉንጩን ለእንግዳ ብላችሁ ሰጥታችሁኝ በልቼዋለሁ» አሉ ተቆጣጣሪው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይመዘገባል።»

ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ሁሉ ተገላበጠ፤ እንዲህ ያለ ዓሣ የትም አልነበረም። በደንቡ ደግሞ፣ አዲስ ዓሣ የያዘ ቤተ ሙከራ ስሙን አውጥቶ እስኪጨርስ አይዘጋም።

ተቆጣጣሪው ብዕራቸውን ኪሳቸው መለሱ። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ስም ማውጣት አይቸኮልበትም» አሉ መምህር ኦክ።

ያለፈውን ዓሣ ስም ለማውጣት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ያኔ በየወሩ የምትነዘንዛቸው ዩንሂ ነበረች። ተቆጣጣሪው በሄዱ ማግሥት ግን ለወንበራቸው ትራስ ገዛችላቸው።